ፈዲላ የላከቻቸው ሽማግሌዎች

ፈዲላ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችው ገልብጣ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ታች፣ ባዶ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ። ሐይቅ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዕድሜዬን የፈጀሁ ዋለ የምባል ሰው ነኝ። ባለጉዳይ ወረቀቱን ገልብጦ የሚያስቀምጠው ደግሞ እንዳያየው ሲፈልግ ነው።

«አንብበው፤ ግን ጮክ አትበል» አለችኝ።

ደብዳቤው ደሴ ካለው የጥራጥሬ ግብይት ማዕከል የመጣ ነው። ሙሉ ስሙ አንድ መስመር ይሞላል፤ እኛ ማዕከሉ ብለን ነው የምንጠራው። የማዕከሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ወይዘሮ ፈዲላን ለሁለት ዓመት ከግብይት አግዷታል። በውሳኔው ቅር ከተሰኘች ይግባኟን በጽሑፍ እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት መጨረሻ ድረስ ታቅርብ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም ይላል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ እሱም ከሰዓት በኋላ።

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት ደርሶሽ ዛሬ ትመጫለሽ?»

«አላመንሁትም ዋለ። ተሳስተናል ብለው የሚደውሉልኝ መስሎኝ ስልኬን ስጠብቅ ሰነበትሁ።»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን የማይነግራችሁ የሐይቅ ሰው ካለ ለከተማው እንግዳ መሆን አለበት። የይግባኙን ቀን አስበልቶ የሚመጣ ባለጉዳይ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። አፌን ልከፍት ስል ፊቷን አየሁትና ተውሁት። ፈዲላ እንዲህ ያለ ፊት ኖሯት አያውቅም።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። የተወለደችው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። አባቷ ማሾና ጤፍ የሚያርስ ሰው ነበር። እሱ ሲታመም እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ገበያ ወጣች። ከሴቶች ማሾ በጣሳ እየገዛች ትሰበስብና ለነጋዴ በኩንታል ትሸጥ ነበር። ቀስ እያለች የራሷን ሚዛን ገዛች። ሌላው ነጋዴ ሚዛኑን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ፈዲላ ግን ወደ ገበሬው አዙራ ነው የምታስቀምጠው። ጆንያ ስትረከብ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ከሥር ያለውን ታወጣለች። ድንጋይ ካገኘች ለባለቤቱ ታስረክበዋለች፤ «ይኼ ያንተ ነው፣ ለቤት መሠረት ይሆንሃል፣ ውሰደው» ትለዋለች። ሰውዬው ያፍራል፣ የከበበው ሰው ይስቃል፣ በሚቀጥለው ገበያ ግን ያው ሰው ተመልሶ ወደ እሷ ይመጣል። የራሷ ሳቅ ከገበያው ተነሥቶ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ስንት ጊዜ አረፍተ ነገር አስቶኛል።

ማዕከሉ ሲከፈት ለአባልነት የሚጠይቀው ማስያዣ የሚቀመስ አልነበረም። ፈዲላ የሠርግ ወርቋን ሸጠች፤ ባሏ ሰዓድ አይሱዙውን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና ነው የሚነዳው። በእኛ አካባቢ ማሾ በጅምላ ከማዕከሉ ውጭ መሸጥ አይቻልም። ስለዚህ የአርዲቦ ዙሪያ ገበሬ ምርቱን ለፈዲላ ያስረክባል፣ እሷ ደሴ ትወጣና አዳራሹ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ዋጋው ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ሲወርድ ጠብቃ ትሸጥላቸዋለች። መጀመሪያ ቀን የገባች ጊዜ ከረባት ካሰሩት አንዱ የሻይ ቤት ሠራተኛ መስላው ሻይ አዘዛት። «አመጣለሁ፤ ቆይ መጀመሪያ ማሾዬን ልሽጥ» አለችው። ሸጣ ስትጨርስ እውነትም ለሁሉም ሻይ አስመጣች። ሰውዬው አሁንም ድረስ ሲያያት ከወንበሩ ይነሣል።

እንግዲህ ይኼን ወንበር ነው የነሷት። ሌላው የሐይቅ አባል ኑሮውን ደሴ አድርጓል፤ አርዲቦን ካየ ዘመን ሆኖታል። የፈዲላ መጋዘን ደግሞ እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው።

«ማሾ ደግሞ ነቀዝ አይምረውም» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ቀርቶ ሁለት ወርም አይቆይልኝ። የሰው አደራ ነው ዋለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዱልመናን የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ ከእሷ በማዕከሉ በኩል ማሾ ገዛ። ኮምቦልቻ ሲራገፍ ጆንያዎቹ ውስጥ የአምና ማሾ ከዘንድሮ ተቀላቅሎ ተገኘ። አብዱልመናን ከሰሳት። ጆንያዎቹ በመንገድ ላይ በብዙ እጅ አልፈው ስለነበር ማን እንደቀላቀለ ሊታወቅ አልቻለም። ኮሚቴውም በዚህ ክስ ነፃ አላት። ታዲያ ነፃ ካላት ለምን አገዳት? ክሱ ገና እየታየ ሳለ ፈዲላ ሁለት ሽማግሌዎች አብዱልመናን ቤት ልካ ነበር። ኮሚቴው «ከሣሽ ከተከሣሽ ጋር ግንኙነት ነበረህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው አብዱልመናን ምንም ክፉ ሳያስብ፣ እንዲያውም እሷን ያመሰገነ መስሎት፣ «ሽማግሌ ልካብኝ ነበር፣ ደግ ሴት ናት» ብሎ ተናገረ። ደንቡ ደግሞ ጉዳዩ በመታየት ላይ ሳለ ከሣሽን በራስም ሆነ በሌላ ሰው ክሱን እንዲተው ማግባባትን ይከለክላል። ቅጣቱ የሁለት ዓመት እግድ ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ መላክ እንደ ሰላምታ ነው። ጥፋት ስላለብህ ብቻ አይደለም የምትልከው፤ ሳታጠፋም ትልካለህ። ፈዲላ ደንቡን አንብባዋለች፤ እዚያ ውስጥ ያለው «ማግባባት» የገንዘብ መስሏት ነበር። ሽማግሌ ለሷ ማግባቢያ አይደለም።

«ምን ብለሽ ነው የላክሻቸው?» አልኋት።

«አብዱልመናን አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከድንኳን ያልተለየ ሰው ነው። ክሱ በክስነቱ ይሂድ፣ ስለሱ አንድ ቃል እንዳታነሡ፣ ሰላምታ እንዳንነፋፈግ ብቻ ንገሩልኝ፣ አንዳችን ከሌላችን ልቅሶና ሠርግ እንዳንቀር አልኋቸው። ወላሂ ከዚህ ሌላ አላልሁም።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ደንቡን አውጥቼ አሳየኋት። የሚከለክለው ክሱን እንዲተው ማግባባትን ነው። ሽማግሌዎቹ ክሱን ካላነሡ ደንቡ አይነካትም፤ እነሱ ይህን በጽሑፍ ከመሰከሩ ይግባኙ አለቀ ደቀቀ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በዓመት አንዴ ቢመጣልኝ ለምስጋና እጾም ነበር። በማግሥቱ በጧት ባጃጅ ይዘን ወደ ሼህ ኡበይድ ሄድን።

ሼህ ኡበይድ ከአርዲቦ በላይ ነው ቤታቸው። ከእሳቸው ጋር የተላኩት ቄስ ፈንታሁን ናቸው፤ ሁለቱ ለሽምግልና ሲሄዱ አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሲናገር አንዱ ያዳምጣል። ደም ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ገዳዩን ከሟች አባት ጋር በአንድ ገበታ ያበሉበትን ቀን እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን እንኳን የሚያለቅስ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ሼህ ኡበይድ አጥራቸውን ሲያጥሩ አገኘናቸው። ገጀራውን አስቀምጠው እጃቸውን ሰጡን፤ ፈዲላ ሳመች፣ እሳቸውም የሷን መልሰው ሳሙ።

እኔ አላስችል አለኝና ወደ ነገሩ ገባሁ። «ሼህ፣ አብዱልመናን ቤት የሄዳችሁ ለት ስለ ክሱ ያነሣችሁት ነገር አለ?»

«እንዴታ» አሉ።

ፈዲላን ዘወር ብዬ አላየኋትም።

«አፉ በላት፣ ይቅር በላት አልሁት። እሱም አፉ ብያለሁ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። አፉ ካለ በኋላ ወረቀቱ ምን ይሠራል? ወረቀትህን አንሣ ልጄ አልሁት። ቄስ ፈንታሁን ዝም ብለው ነበር።» ከዚያ ወደ ፈዲላ ዞሩ። «ስለ ክሱ አታንሡ ማለትሽን ሰምቻለሁ። ልጅ ስለሆንሽ አፍረሽ ነው አልሁ። እርቅ ወርዶ ክስ ከኋላ ተቀምጦ እንዴት ይሆናል? ምን ሆነ? የሆነ ነገር አለ?»

«ምንም የለ ሼህ» አለች። «ደኅንነትዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

ሚዛኗን ወደ ገበሬው የምታዞር ሴት እንዲህ ብላ ዋሸች። ሼህ ኡበይድ ግን ሞኝ አይደሉም። እሷን ሳይሆን እኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

ባጃጁ ወዳቆመበት ስንወርድ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። እኔ ግን ሐይቅ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። «ስሚ» አልኋት፣ «አሁንም አልተሸነፍንም። የላክሻቸው ለሰላምታ ነው፤ ስለ ክሱ እንዳያነሡ ከልክለሻል፤ ያነሡት በራሳቸው ፈቃድ ነው። እንዲህ ብለን እንጽፋለን። አንድም ሐሰት የለበትም።»

«አይጻፍም።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ ልኬ የተናገሩትን እኔ አላልሁም ልበል? ሽማግሌን በወረቀት ልካድ?»

«ክህደት አይደለም፤ እውነት ነው!» ጮህሁ መሰለኝ፤ የባጃጁ ልጅ ዘወር ብሎ አየን።

«እውነት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። አንተ የኔን ነገር ብቻ እያየህ ነው። እኚህ ሰው የሚያስታርቁት በምላሳቸው ነው። የተላኩበትን አልፈው ተናገሩ የሚል ቃል በሳቸው ላይ ከወጣ፣ ነገ ደም ያለበት ሰው ቤት ሲገቡ ማን ያምናቸዋል? በኔ ማሾ ምክንያት?»

«በማሾሽ ምክንያት የአርዲቦ ሰው ሁሉ ቢራብስ? ነቀዙስ?»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ስትጠቀልል ሐይቅ ደረስን። እውነቱ ከእጃችን ላይ ነበር፤ እሷ ግን አላነሣውም አለች።

ሐሙስ ጧት መጥታ የምትለውን እንድጽፍ አዘዘችኝ። ጻፍሁ። ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ፤ የተናገሩት ሁሉ እኔ እንደተናገርሁት ይቆጠርብኝ፤ የላክኋቸው ከሣሹን ለማታለል ሳይሆን በአገራችን ሰው ሲቀያየም ሽማግሌ መላክ ልማድ ስለሆነ ነው፤ ጥፋት ከሆነም የኔ ነውና ቅጣቱ ይቅለልልኝ፤ ካልሆነም ከመጋዘኔ ያለው የገበሬ ማሾ ሳይበላሽ በሌላ አባል በኩል እንዲሸጥ ይፈቀድልኝ። ይኸው ነው። አትሜ ሰጠኋት።

«ይኼ ይግባኝ አይደለም» አልኋት። «የተፈረደብሽን ፍርድ በራስሽ እጅ መፈረም ነው።»

«ስህተት አለበት?»

«ስህተትስ የለበትም።»

«እንግዲያው በቃ» ብላ ሄደች። ሳቅ እንኳ ልትሞክር አልሞከረችም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሼህ ኡበይድ ብቻቸውን በሬ ላይ ቆሙ። ከአርዲቦ ድረስ የመጡት በእግር ነው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ወንበር ሰጠኋቸው። ፈዲላ ምን እንዳስጻፈች ጠየቁኝ። የባለጉዳይ ወረቀት ለሌላ አላሳይም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት መልስ መሰለኝ።

«ደግ። አታሳየኝ። የኔን ጻፍልኝ» አሉ። «ልጅቷ ትናንት ፊቷ ልክ አልነበረም። ሰዓድን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄ ነገሩን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

አንድ በአንድ እየነገሩኝ ጻፍሁ። «ፈዲላ ስትልከኝ ስለ ክሱ እንዳላነሣ ነግራኛለች። የተላክሁበትን አልፌ የተናገርሁት እኔ ነኝ። አብረውኝ የነበሩት ቄስ ፈንታሁን ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተናገሩም።» መለስ ብዬ አነበብሁላቸው። በዓረብኛ ፊደል ፈረሙ።

«ይኼ ወረቀት ይነበባል?» አሉኝ።

«ይነበባል ሼህ።»

«ሰው ባለበት?»

«ይግባኙ ሲታይ ነጋዴዎችም ከሣሹም ይኖራሉ።»

«ደግ» አሉና ተነሡ። እኔ በደስታ ሰክሬ ነበር። ጉዳዩን እንደምንረታ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

ዓርብ በጧት መናኸሪያ ስንደርስ ሼህ ኡበይድ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ደሴ ጁምዓ ልሰግድ ነው አሏት፤ ፈዲላም ደስ ብሏት የፊት ወንበር አስለቀቀችላቸው። የሳቸው ወረቀት ከኔ ማኅደር ውስጥ ነው፣ እሷ አታውቅም። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። መኪናው ሁሉ ተሰልፏል፤ ሰው እየወረደ መታወቂያ ያሳያል፣ ሻንጣ ይፈታል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ፈዲላ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ከፊት ያለውን ሰልፍ ታያለች። ደሴ ስንገባ ረፋዱ አልፏል። ሼህ መስጊድ አጠገብ ወረዱ።

የማዕከሉ መዝገብ ቤት ሱንዱስ የምትባል ልጅ ናት ያለችው፤ ረጋ ያለች፣ ምንም የማያስቸኩላት። ይግባኙን ተቀብላ ገጽ ገጹን ተመለከተች። «አባሪ አለው?» አለች።

«አለው» ብዬ የሼህን ወረቀት አወጣሁ።

ፈዲላ ከእጄ ላይ ተቀብላ አነበበችው። መጀመሪያ ፊርማውን ነው ያየችው። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አባሪ የለውም» አለቻት ልጅቷን።

«አለው» አልሁ እኔ።

ሱንዱስ ሁለታችንንም አየችን። «አባሪ ካለ ይግባኙ ላይ ተጠቅሶ አመልካቿ መፈረም አለባት። ምስክሩ ስለፈረመ ብቻ አንቀበልም። ተመካከሩበት፤ አሁን ለጁምዓ ልንዘጋ ነው።» ሳጥኗን ቆለፈች።

ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ፈዲላ እሱ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆምሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። በሕይወቴ ያልተናገርሁትን ተናገርኋት። ግትር አልኋት። ሰዓድ መኪናውን የሸጠው ለዚህ ነው ወይ አልኋት። ያለቀሰችው በዚህ ነው፤ ድምፅ አላወጣችም፣ እንባዋ ብቻ ይወርድ ነበር። «ተወኝ ዋለ» አለች። «ከዚህ በላይ አትናገረኝ፤ ልፈርም እችላለሁ።» ያን ጊዜ ነው አፌን የዘጋሁት።

የዓርብ ምሳ ሰዓት ረጅም ነው። ቢሮው ተመልሶ ተከፈተ፣ ባለጉዳይ ገባ፣ ወጣ። እኛ ከወንበሩ አልተነሣንም። ሼህ ኡበይድ በበሩ ሲገቡ ጥላው ረዝሟል፤ መስጊድ ቆይተው በእግር ነው የመጡት። እኛን አይተው ሁሉ ነገር ገባቸው።

«ፈዲላ።»

«አቤት ሼህ።» ተነሣች።

«ወረቀቴ የት አለ?»

«እኔ ጋ ነው። አንቱን አሳልፌ አልሰጥም ሼህ። አፉ ይበሉኝ።»

«አብዱልመናን ቤት የላክሽኝ ምን ብለሽ ነው?»

«ሽማግሌ ብዬ።»

«አሁንስ ምንሽ ነኝ?»

«አሁንም ሽማግሌዬ ኖት።»

«ሽማግሌ ሲናገር ደግሞ ይሰማል። ያኔ ዝም በል ያልሽኝን አልሰማሁሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ አንቺ እንዳትደግሚው። ግቢና ፈርሚ።»

ፈዲላ ቦርሳዋን ከፈተች። ከዚህ ወዲያ እምቢ ብትል ሽማግሌን እምቢ ማለት ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለችው እንዲህ ላለማድረግ ነበር። ይህን ፊቷ ላይ አነበብሁት። ወደ በሩ ሄደች። ይግባኙ ላይ አባሪውን ጠቅሼ እንደገና ለማተም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሮጥሁ፤ መብራት የለም። ተመልሼ ሮጥሁ። ሱንዱስ ማህተሟን እየሰበሰበች ነበር።

«በእጅ ጻፉበት» አለች፣ «ከሥር። ፍጠኑ።»

አባሪ፣ የሼህ ኡበይድ ምስክርነት አንድ ገጽ ብዬ ከሥር ጻፍሁ። እስክሪብቶውን ለፈዲላ ሰጠኋት። ፈረመች፤ ፊርማዋ የሌላ ሰው ይመስላል። ሱንዱስ ሁለቱንም ወረቀት መትታ ግልባጩን ሰጠችን፣ ከዚያም መስኮቱን ዘጋች።

ይግባኙ የታየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሐይቅም የኮምቦልቻም ነጋዴ ነበር። ሰብሳቢው የሼህን ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «የተላክሁበትን አልፌ የተናገርሁት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተያየ። አብዱልመናን ተነሥቶ እውነት ነው፣ ወረቀትህን አንሣ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ቄሱ አልተናገሩም አለ። እግዱ ተነሣላት፤ በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ውጭ ላይ አብዱልመናን እጇን ይዞ ሰላም አላት። ወንበሯ ተመለሰላት፣ ማሾው በዚያው ሳምንት ተሸጠ። እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ፤ ይግባኙን የጻፍሁት እኔ ነኝና።

ለሼህ ኡበይድ ልንነግራቸው አብረን ሄድን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ግቢያቸው ስንገባ ሁለት ወንድማማቾች አጥሩ አጠገብ ቆመዋል፤ የወሰን ጠብ አላቸው፣ ነገሩ ወደ ዱላ ሊሄድ ነው፣ ሼህን ለሽምግልና ሊወስዱ ነው የመጡት። ሼህ እኛን በእጃቸው ተቀመጡ ብለው ወደ እነሱ ዞሩ።

«አፉ በሉኝ ልጆቼ» አሏቸው። «እኔ የተላክሁበትን አልፌ የተናገርሁ ሰው ነኝ። ፈርሜበታለሁ፣ ደሴ ላይ ተነብቧል። ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ።»

እንደ አገሩ ልማድ ወንድማማቾቹ እግራቸው ላይ ወድቀው መለመን ነበረባቸው። ታላቅየው አንዴ «ኧረ ሼህ» አለ። ታናሽየው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ እሺ ብለው ሄዱ።

ሼህ ኡበይድ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ፈዲላን እንኳን ደስ አለሽ አሏት፣ ስለ ማሾው ዋጋ ጠየቋት፣ ነቀዝ ገብቶበት እንደነበረ ጠየቋት። እሷም መለሰችላቸው። ስንነሣ እጃቸውን ሳመች፣ ሳመች፣ ልቀቂ እስኪሏት ድረስ።

ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «ዋለ» አለችኝ። «የሳቸውስ ይግባኝ የት ነው የሚገባው?»

ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የቢሮ በር ሁሉ አውቀዋለሁ። ይኼን ግን አላውቅም አልኋት።